የአርባ አባቶች ምራቅ

ኩልያሽ ከነርስነት ጡረታ ወጥታም አልተቀመጠች። አልማቲ ከተማ ያለ ድርጅት እሷ በምትኖርበት ከተማ በኪዚሎርዳ በምራቅ ዘር የሚመረምር ሱቅ ከፍቶ እሷን ሾማት። በአራት ወር ውስጥ የገባው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሽንት ቤት ጠይቆ ወጣ። አለቃዋ ደወለ፦ «እስከ በጋው ማብቂያ አሥር ሰው ካልተመረመረ ሱቁ ይዘጋል።»

ማን ይመርመር? በዚያ አገር አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ሰባት አባቱን ይቆጥራል፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ቆጣሪው ደግሞ ሽማግሌው ቱርሲንካን ናቸው። እስከ አርባ አባት ይቆጥራሉ፤ አርባኛው ምንጊዜም ካን፣ የጥንቱ ንጉሥ፣ ነው። «እሳቸው ከተፉ አገሩ ይተፋል» አለች ኩልያሽ። ሠርግ ላይ ለክቡር እንግዳ የሚሰጠው የበግ ጭንቅላት ፊታቸው እንደቀረበ የምራቅ መቀበያ ብልቃጧን ዘረጋች።

«አንቺ ልጅ፣ አርባ አባቶቼን በአፌ ይዣለሁ። ምራቄ ምን ይጨምራል?»

«ከዚያው አፍ አይደል የሚወጣው አባባ? ወይስ ፈሩ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሚስትየው ጣልቃ ገቡ፦ «ትፋላት እንጂ! እኔ ላይ አርባ ዓመት ስትተፋ ያልሰሰትከውን!»

ተፉ።

በሦስተኛው ሳምንት ውጤቱ በፖስታ መጣ። ሽማግሌው ማልደው፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ብቻቸውን ሱቁ ከተፍ አሉ።

«ከፈትሽው?»

«የእርስዎን? እኔ ምን ቤት ነኝ!»

«ካንየው ባይኖርበትስ?» አሉ። «ያ ሁሉ ሰው እኮ በእኔ ቆጠራ ነው የተጋባው። ብሳሳትስ፣ ልጄ?»

ኩልያሽ አዘነችላቸው። ሱቋም ትዝ አላት። ሙጫ አምጥታ ፖስታውን ደግማ አሸገች፤ ቀይ ማኅተምም መታችበት።

«አባባ፣ የተከፈተ ፖስታ ወረቀት ነው። የታሸገ ግን ማስረጃ ነው።»

ሽማግሌው ፖስታውን መስታወት ባለው ክፈፍ አስገብተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። «ካኑ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሳይንስ አረጋግጧል» ይላሉ ለእንግዳ ሁሉ። ጎረቤት ጎሳ ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? በሳምንቱ አሥራ አራት ሽማግሌ ተሰለፈ። ፊተኛው «ደማችንን ለፈረንጅ ሊሸጡት ነው» እያለ ሲያወግዝ የከረመው ነበር።

«የእኔን በድርብ ሙጫ!» አለ።

አለቃዋ በደስታ ደወለ፦ «ሕዝቡ በምርመራው አመነ ማለት ነው?»

«እንዴታ! እስካሁን ውጤቱን የተጠራጠረ አንድም ሰው የለም» አለችና ቸኩላ ዘጋችው። ሙጫ አልቆባት ነበር።