ሥራ ፈቱ ስምንተኛ ዲስክ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቤት በአቀናባሪነት ስሠራ፣ የቀረጽነው ሁሉ የሚከማችበት ስምንት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ሳጥን ነበረን። ያዋቀርኩት እኔ ነኝ። ሰባቱን አጣምሬ አንድ ትልቅ ቮልዩም፣ ማለትም እንደ አንድ ዲስክ የሚያገለግል ማከማቻ አደረግኳቸው፤ ስምንተኛውን በተጠባባቂነት ባዶውን ተውኩት። ከሰባቱ አንዱ ቢሞት፣ የያዘው ነገር ከቀሩት ስድስቱ ተሰልቶ ተጠባባቂው ላይ ይጻፋል። ነገሩ ይኸው ነው።

አለቃዬ ግን ስምንተኛው ላይ ዓይኑን ጣለ። የሰባቱ መብራት ቀን ሙሉ ብልጭ ድርግም ሲል የእሱ ዝም ነው።

«ይሄኛው ምን ይሠራል?»

«ይጠብቃል።»

«ዘበኛማ አለኝ» ብሎ ሳቀ። የጥር ሰርግ ደርሶ ቦታ ሲጠበን ሳቁ ቀረ። በየቀኑ እየመጣ «ሥራ ፈት፣ ሥራ ፈት» ሲል ሰለቸኝና «እንካ!» ብዬ ስምንተኛውን ለብቻው ቮልዩም አደረግኩት። የዚያን ጥር ሰርግ በሙሉ እዚያ ላይ ጫንን። በንዴት የተሠራ ሥራ ነው፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ሰኔ ላይ ከሰባቱ አንዱ ሞተ። ሳጥኑ ይጮሃል፣ ተጠባባቂ የለም። ነቀምቴን ዞሬ የሚገጥም ዲስክ አጣሁ። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሌላ አንድ ዲስክ ቢሞት ስሌቱ አይሠራም፤ የስንት ዓመት ሰርግ ድራሹ ይጠፋል። ስምንተኛውን ተጠባባቂ ላድርገው ብል በላዩ ያለው የጥር ሰርግ መጥፋት አለበት፤ ገልብጬ የማስቀምጥበት ትርፍ ቦታም የለንም።

«የጥር ደንበኞች ቪዲዮአቸውን ወስደዋል?» አልኩት አለቃዬን።

«ሁሉም በፍላሽ ወስደዋል።»

አጠፋሁት። ስምንተኛውን ወደ ተጠባባቂነት መለስኩት፤ የሞተው ዲስክ የያዘው እሱ ላይ ተጽፎ በማግስቱ ሁሉም ነገር ተስተካከለ። ጎሽ ተባልኩ፤ እኔም ራሴን ጎሽ አልኩ።

ታኅሣሥ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ከጉቴ መጡ። አስታወስኳቸው፤ ባለፈው ጥር ታላቋን ልጃቸውን ሲድሩ የቀረጽነው እኛ ነን። ባላቸው ሐምሌ ላይ አርፈዋል።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ፍላሹ አልከፈት አለን። ጥር ላይ ታናሺቱን ልድር ነው። አባቷ ታላቋን የመረቁበትን ድምፅ ስጠኝ፤ ለእሷም ይሰማላት። ያለ አባት ምርቃት እንዴት ከቤት ትውጣ?»

አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ጣራ ጣራ ያያል።

«አዴ፣ እናቴ፣ የለም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ሌላ ቦታስ?»

«የትም የለም።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ወንበር ስቤ ሰጠኋቸው፣ ተቀመጡ። «ያቀናበርከው አንተ አልነበርክም እንዴ?» አሉኝ።

ነበርኩ። ድምፁ ከምስሉ ጋር እስኪገጥም ያን ምርቃት ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

«እንግዲያው ምርቃቱን አንተ በልልኝ» አሉኝ።

ቤተሰቤ ከጎጃም ይምጣ እንጂ እኔ አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው ማለት ይቻላል። «ሆራ ቡላ» ብዬ ጀመርኩ፤ ተባዙ፣ ኑሩ ማለት ነው። ቤታችሁን እንግዳ አይራቀው፣ ያረጀ ሰው ከበራችሁ አዝኖ አይመለስ እያልኩ ስወርድ፣ እሳቸው በየመሐሉ «ሃ ተኡ» ይላሉ፤ ይሁን። አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ጋ ሳል ይዟቸው ነበር።»

ልክ ናቸው። ድምፁ ይጥራ ብዬ ያን ሳል ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ቃሉን አንድም ሳላስቀር በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ጥር ደርሶ ጉቴ ላይ ካሜራዬን ተክዬ ቆምኩ። የአባትየው ወንድም ወረቀቱን ይዘው ሲመርቁ ዳሱ ሁሉ «ሃ ተኡ» ይላል። አባትየው የሳሉባት ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ ፊታቸውን ዞር አድርገው ሳሉ። አቀርቅራ የነበረችው ሙሽራ ቀና ብላ እናቷን አየች።

አሁን ከአዲስ አበባ የመጣው ዲስክ ባዶውን ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አለቃዬም ሥራ ፈት ብሎት አያውቅም። የዚያን ቀን ቪዲዮ ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ሳሉን አልቆረጥኩትም።