መሪ መጽሐፌ «እግዜር የለም» ይል ነበር

ማንበብ የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የላሊበላ ቀበሌያችን ሴቶች ከሥራ መልስ እየተሰበሰብን ፊደል ቆጠርን። የሚያስተምሩን የሰፊው ሕዝብ ንቃት እንዲዳብር ነበር። እኔ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ የት እንዳለች ማወቅ።

የመጀመሪያ ልጄ ሴት ነበረች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የኔዋ ቀኗ ሳይደርስ ታመመች። የንስሐ አባታችን ለክብረ በዓል ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ወጥተው ነበርና እስኪወርዱ አልጠበቀቻቸውም። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ፍትሐት የለውም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢም አይቀበርም። ከቤታችን ጀርባ ቀበርናት። የባሌ እናት አማቴ ሳይቀሩ «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ይተካልሻል» አሉኝ። እኔ ምትክ አልጠየቅሁም። ያለችበትን ነው የጠየቅሁት።

እና ማንበብ እንደቻልኩ መጽሐፍ ቅዱስ ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት ጋሸና፣ አንድ ሙስሊም ቅመም ነጋዴ ሱቅ ነው። ከማን እጅ እንደመጣ እሱም አያውቅም፤ ብቻ የአላህ ቃል ነው ብሎ ከበርበሬው ሁሉ በላይ ሰቅሎታል። ዋጋውን ብጠይቀው ተቆጣኝ።

«ወላሂ፣ ይህ ይሸጣል እንዴ? ውሰጂና ዱዓ አድርጊልኝ» አለኝ።

ወሰድኩት። በርበሬው ግን ገጽ ገጹ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ በከፈትኩት ቁጥር ያስነጥሰኛል። አማቴ ታዲያ ቃሉ ሰይጣን እያስወጣልኝ ስለመሰላቸው ደስ ይላቸዋል።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው ላይ ስደርስ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲወልድ አንድ ሕፃን እንኳ ያልሞተበት መሆኑ አናደደኝ። ቀጥሎ የመገናኛው ድንኳን ልክ መጣ፤ ክንድ፣ ክንድ ተኩል፣ መጋረጃ፣ ቀለበት። አናጢ ብሆን እንዴት በጠቀመኝ። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ሕፃን የሞተበትን ስፍራ የሚያሳየኝ ረዳት እንደሚያስፈልገኝ ያኔ ገባኝ።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ደግ ሰው ናቸው። ነገሩ ጥልቅ ስለሆነ ትርጓሜ ቤት ሄጄ መምህሩን ልጠይቅልሽ አሉ፤ ሴት እዚያ ገብታ አትጠይቅማ። የትርጓሜ ሊቃውንት ልማዳቸው ለአንዱ ቃል ብዙ ፍች መስጠት ነው፤ እያንዳንዱንም «አንድም» ብለው ይጀምሩታል። የንስሐ አባቴ ሁሉንም ተሸክመውልኝ መጡ። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው፣ አንድም ምሥጢሩ ወዲህ ነው እያሉ ብዙ ከሄዱ በኋላ ጠላቸውን ፉት አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ጥያቄሽ ግን ምን ነበር?» አሉኝ።

ፊታቸው አልሣቅሁም። ከሄዱ በኋላ ሣቅሁ፤ ሣቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነብኝ።

ረዳቴ የተገኘው ማንም በማይጠረጥረው ቦታ፣ በቀበሌው ንባብ ቤት ነው። ሃይማኖት ከንቱ መሆኑን ለማስረዳት የተጻፈ ቀይ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ነበር። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ታታሪነቱን ግን እመሰክርለታለሁ። መጽሐፍ ቅዱስን ለመስደብ ሲል አንድ ሳያስቀር አንብቦታል። ስለ ባሪያ፣ ስለ ሴት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሕፃናት እያለ በየርእሱ ለይቶ፣ ምዕራፉንና ቁጥሩን ጽፎ አስቀምጦታል። እንዲህ ያለ ትጉህ ሰው በቤተ ክህነትም አላየሁም። ስድቡን እየዘለልኩ ቁጥሩን እለቅም ጀመር።

የቀበሌያችን ካድሬ ከደሴ የተላከ ወጣት ነበር። ማንም የማይነካውን መጽሐፍ አንዲት ሴት ስትመላለስበት ሲያይ ልቡ ሞቀ።

«ጓዲት፣ አሁንም ልትወስጂው ነው?»

«አልጠገብኩትም፣ ጓድ።»

እውነቴን ነው።

ጣጣው መደበቁ ላይ ነበር። ከካድሬው መጽሐፍ ቅዱሱን፣ ከአማቴ ደግሞ ቀዩን መደበቅ ነበረብኝ። መጽሐፍ ቅዱሱን በጋዜጣ ሸፈንኩት። ቀዩን በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ ራስጌዬ ሰቀልኩት። አማቴ ማንበብ አይችሉም። ነጩን ጥቅልል ሲያዩ ቅዱስ መጽሐፍ መሰላቸውና በየማለዳው ይሳለሙት ጀመር። «እግዜር የለም» የሚለውን መጽሐፍ ግንባራቸውን አስነክተው ሲስሙት እያየሁ፣ ምን ብዬ ልከልክላቸው?

ስለ ሕፃናት የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ የንጉሥ ዳዊትን ልጅ አገኘሁ። «በአባት ኃጢአት ሕፃን መግደል፣ ይህ ነው ወይ ፍትሕ?» ይላል ቀዩ መጽሐፍ። ንዴቱ ንዴቴ ነበርና ለአንድ አፍታ ወደድኩት። ከዚያ ቁጥሩን ይዤ ስፍራውን ፈለግሁ። ሕፃኑ የሞተው በሰባተኛው ቀን ነው። በሕጋቸው ወንድ ልጅ የሚገረዘው በስምንተኛው ነው፤ ያን ከመጀመሪያው ሳነብ አይቼዋለሁ። እንግዲህ እሱም እንደኔዋ ሳይደርስ ነው የሄደው።

ቀዩ መጽሐፍ ልጁ መሞቱ ላይ ያቆማል። እኔ ቀጠልኩ። ንጉሡ ጾሞ ከወደቀበት መሬት ተነሥቶ ታጠበ፣ በላም፤ ልጁ ወደ እሱ ባይመለስም እሱ ወደ ልጁ እንደሚሄድ ተናገረ። ንጉሡ የሄደው ገነት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሕፃኑ እዚያ ካለ ልጄም እዚያ ናት። መጽሐፉን ደረቴ ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ካድሬው ግን በትጋቴ ብዛት በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከቀዩ መጽሐፍ እንዳስረዳ አዘዘኝ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ መቅረትም ያስቀጣልና አማቴም መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ቆምኩና ስለ ሕፃናት የሚለውን አነበብኩ። ከዚያ፣ «ማስረጃው እንዲሟላ» ብዬ ቀሪውን በቃሌ ጨረስኩት፤ ሰባተኛውን ቀን፣ የንጉሡን መታጠብ፣ ወደ ልጁ እሄዳለሁ ማለቱን።

ሴቶቹ አለቀሱ። ከኋላ የተጀመረው ለቅሶ ፊት ድረስ መጣ። ካድሬው ተደሰተ።

«አያችሁ ጓዶች፣ ሃይማኖት እንዲህ ያስለቅሳል» አለና መፈክር አስጮኸን። ግራ እጃችንን ወደ ላይ አንሥተን፣ በቀኛችን እንባችንን እየጠረግን፣ ሃይማኖት ይውደም አልን። አንዲት አሮጊት «አሜን» ብለው ጨረሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ አማቴ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ያ የንጉሡ ልጅ፣ ምንም ሳይደረግለት ነው አይደል የሞተው?»

«አዎ እማዬ።»

«ከባልሽ በፊት የወለድኳቸው ሁለቱ ክርስትና ሳይነሡ ነው የሄዱት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ይህን እኔም ባሌም አናውቅም ነበር። ሌላ ይተካልሻል ያሉኝ ሴት፣ ተተክቶላቸው እንኳ አልረሱም።

«ስም የሚወጣው ክርስትና ሲነሡ ነው» አሉ ደግሞ። «ስሄድ ምን ብዬ ልጥራቸው?»

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ ከትልቁ ጀምረን ለሦስቱም ስም ማውጣት ጀመርን።