የቀጋው ጭማቂና የእናቴ ጾም

"ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር" የሚለውን ተረት እንደ እኔ የሚኖርበት ሰው ሰቆጣ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ወተት ስገዛ ውሃው ይታየኛል፤ ሰው ሳያጣራ ሲያወድስ ደሜ ይፈላል። እናቴ አንድ ቀን "ስኳሬም ኮሌስትሮሌም በቀጋ ሊለቀኝ ነው" ስትለኝ ምን እንደ ተሰማኝ መገመት አይከብድም።

ነገሩን ያስተማረቻት ከአምደወርቅ የመጣች ጎረቤቷ ናት። የደረቀ የቀጋ ፍሬ ይወቀጥና ይቀቀላል፤ በውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ስለሚቧጥጥ በቁራጭ ነጠላ ይጠለላል። የሚወጣው ቀይ ውሃ አፍ ያኮማትራል። እናቴ ታዲያ ማር ታክልበታለች፤ ያውም የዋግን ነጭ ማር፣ በትልቁ ማንኪያ።

"እማ፣ ይኼም እኮ ስኳር ነው።"

"ማር ነው እንጂ ምኑ ነው ስኳር! ስኳር የፋብሪካ ነው።"

ፍሬውን ጠልቼው አልነበረም። ለደም ይበጃል የሚሉ አሉ፤ ይበጅ ይሆናል። ያስፈራኝ ሌላ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ኪኒኗን አቆመች። ጠዋት ኪኒን ውጦ ጾምሁ ማለት አይሆንላትም፤ ማታ ዋጪው ስላት ደግሞ "ቀጋው አለልኝ" ትላለች። አባቴን የወሰደብን ይኸው ስኳር ነው፤ እግሩ ላይ በወጣች ትንሽ ቁስል ጀምሮ። እሷንም እንዳይወስድብኝ ፈራሁ።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ሆስፒታል ወሰድኋት። ስኳሯ ወርዷል፣ የደሟም ስብ ቀንሷል ተባለ። እናቴ ከሆስፒታሉ በር እስከ ሰፈራችን ላገኘችው ሁሉ ቀጋን አወጀች። ጎረቤቶቿም መቀቀል ጀመሩ። የእኔ ልብ ግን አልቀበል አለ። ሥጋና ቅቤ ካየች ስንት ጊዜዋ! እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አትቀምስም። ታዲያ የወረደው በቀጋው ነው በጾሙ?

"ከፋሲካ በኋላ፣ ዶሮሽን በልተሽ እንደገና እንለካዋለን" አልኋት።

"የዳነ ሰው ምን ይለካል?"

"ከዳንሽ ምን ያስፈራሻል?"

በኽምጣና አንድ ነገር አጉረመረመች። ስትቆጣብኝ ወደ ልጅነት ቋንቋዋ ትገባለች፤ እኔም ያን ጊዜ መከራከሩን እተወዋለሁ።

የፋሲካ ዕለት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ዶሮው ቀረበ። እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች ታጎርሳለች። እኔ ዐይኔን ከእጇ አልነቀልሁም። አንዲት ጉርሻ እንኳ ወደ አፏ አልሄደችም። ወደ ጓዳ ስትገባ ተከተልኋት፤ ከጾም የተረፈ ሽሮ በእንጀራ እየጠቀሰች ትበላለች።

"ጾሙ ተፈትቷል፤ ምነው እማ?"

"ምርመራው ይለፍ ብዬ ነው።"

"ማሽኑን ልታታልይ?"

"ማሽኑ ምኔ ነው? አንተን ነው እንጂ። መዳኔን የማትወድ አንተ ነህ።"

እናቱ እንዳትድን የሚመኝ ልጅ ሆኜ ታይቻት ኖሯል። መቆጣት አማረኝ፤ ግን እንባዬ ቀደመኝ።

"እንዳትሞችብኝ እኮ ነው" አልኋት። "ቀጋሽን ጠጪ፣ ማሩን ብቻ ተዪልኝ። ከዶሮውም ቅመሽ። ኪኒኑንም ሐኪሙ እንዳዘዘው ዋጪ።"

ትኩር ብላ አየችኝ። "ሁለቱንም ከወሰድሁ በየትኛው እንደ ዳንሁ በምን አውቃለሁ?"

መጠርጠርን ከማን እንደ ወረስሁት ገባኝ።

"አትወቂ" አልኋት። "እኔም አልወቅ። ብቻ ኑሪልኝ።"

ሽሮውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ እጇን ዘረጋች። ሰሞኑን ኪሴ ውስጥ ይዤው ከምዞረው ኪኒን አንዱን መዳፏ ላይ አስቀመጥሁ። አፏ ውስጥ ከተተችው፤ ውሃም ጠጣችበት።

"እስቲ አፍሽን ክፈቺ" አልኋት።

እየሳቀች ከፈተችልኝ።

"ምላስሽንም አንሺ።"