ተረት ተቀባይ ይፈልጋል

ከዲላ ወናጎ በሚኒባስ እየተመላለስኩ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። «ትዕግሥትሽ ይገርማል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ክፍሌን ረግጠው ስለማያውቁ ነው። እኔ ያለኝ ትዕግሥት ሳይሆን እልህ ነው። «እነዚህ ልጆች እኮ አይገባቸውም» ሲባል ከሰማሁ ደሜ ይፈላል፤ ያለው ሰው ማንም ይሁን ማን መልሱን ሳልሰጠው አላድርም።

የማስተምረው ሰባተኛ ክፍል ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው የሚያወሩት ጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ እንግሊዝኛ ሲጨመርበት ሦስተኛ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ከእኔ በተሻለ የእጅ ጽሕፈት ይገለብጣሉ። ተናገሩ ሲባሉ ግን ሁሉም አንገቱን ይደፋል። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተረተው ሰው ቋንቋ አስተምሮ እንደማያውቅ በበኩሌ እርግጠኛ ነኝ።

ስለዚህ የዓርብን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ለተረት ሰጠሁት። ቀላል ተረቶች በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ፣ ጅቡን በወፍራም ድምፅ፣ ቀበሮዋን በቀጭን ድምፅ ማንበብ ጀመርኩ። እነሱ እጃቸውን አጣምረው ጸጥ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አንብቤ ቀና ስል ያው ጸጥታ ይጠብቀኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን ክፍሉ ሲለቀቅ አንዲት ተማሪዬ ወደ ኋላ ቀረች። ከከተማው በላይ ካለው የቡና ማሳ በእግሯ የምትመጣ፣ እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ያልሰማሁት ልጅ ነች።

«ቲቸር፣ ለምን ብቻሽን ታወራለሽ?» አለችኝ።

«ተረት እያነበብኩላችሁ ነዋ።»

«እኛ ቤት ተረት ተቀባይ አላት። አባቴ ትንሽ ያወራል፣ ከዚያ ይቆማል። ቤት ውስጥ ትልቅ የሆነ ሰው ‹እሺ› ይላል። እሺ ካልተባለች አትሄድም።»

ሐሳቡን ወደድኩት። በሚቀጥለው ዓርብ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቤ ቆምኩ። ከክፍሉ በዕድሜ የሚበልጠው ልጅ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ «የስ» አለ። ሌላ ዓረፍተ ነገር፣ ሌላ «የስ»። ሳምንታት ሲያልፉ ከ«የስ» አልፈው «ዋይ?» እያሉ ያፋጥጡኝ ጀመር። ቀጥሎ ተራ እየያዙ የቤታቸውን ተረት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያወሩልኝ ጀመር። ክፍሉ የገበያ ቀን መሰለ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ጫጫታው ግን ቢሮ ደረሰ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ።

«እህቴ፣ በሚቀጥለው ዓመት ክልላዊ ፈተና አለባቸው። ፈተናው ተረት አይጠይቅም። ክፍለ ጊዜውን ለሰዋስው እናድርገው» አሉ።

«ጋሼ፣ መጥተው ይስሙና ይፍረዱ።»

«እሺ፣ ዓርብ እመጣለሁ። አንድ ልጅ ወረቀት ሳይዝ በእንግሊዝኛ ካወራ ይቀጥል። ካልሆነ አበቃ።»

ለተማሪዎቹ ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ማን ያወራል ስል ያቺው ልጅ እጇን አወጣች። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን እሷን አልመርጥም ነበር። ከሷ የሚሻሉ፣ አፋቸውን የፈቱ የከተማ ልጆች ነበሩ። ግን እጇን አውጥታ እንዴት ዝቅ አድርጊ እላታለሁ?

ዓርብ ምክትሉ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ልጅቷ ወደ ፊት ወጣች። አንድ ገበሬ ነበር፣ እንሰት ነበረው አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ ቆመች። ‹የስ› የሚል ጠፋ። እሷም አፏን ዘግታ ወደ ኋላ ታያለች። ምክትሉ እስክሪብቷቸውን አወጡ። አለቀልን ብዬ ልረዳት ስነሳ፣ ልጅቷ ጣቷን ወደ እሳቸው ቀሰረች።

«ሰር፣ ዩ ሴይ የስ። ዩ አር ዘ ኦልድ ማን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ፀጉራቸውን በየጊዜው ቀለም የሚቀቡ ናቸው። ነገሩ የገባኝ የልጆቹን ፊት ሳይ ነው፤ አንዱም አልሳቀም። ከቤቱ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ሆነው ሳለ ማን ደፍሮ ይቀበላል? ሁሉም ቦታውን ለእሳቸው ለቀዋል። በእሷ ቤት ይህ ክብር ነው።

ምክትሉም ገባቸው መሰለኝ። እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «የስ» አሉ።

ተረቱ ሄደ። ገበሬው እንሰቱን ፍልፈል እየበላበት ተቸግሯል። የስ። አንድ ቀን ጃርት መጥቶ፣ እኔ ልጠብቅልህ አለው። ጃርትን በእንግሊዝኛ ስለማታውቀው ጃርት ብላ አለፈችው። የስ። ገበሬው ደስ ብሎት ማሳውን ለጃርቱ አደራ ሰጠ።

«ኖ! ኖ! ኖት ጃርት!» አሉ ምክትሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። ጃርት እንሰት እንዴት እንደሚጨርስ የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ አይሰማም።

አሁን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ብቻ አልሳቀችም። ሥርዓት ተጥሷል፤ ተቀባይ ይቀበላል እንጂ አይከራከርም። ኮስተር ብላ ጠበቀች።

«ሰር፣ ሲት ዳውን። ሴይ የስ» አለቻቸው።

ይህን ንግግር ከየትም አላጠናችውም፤ ለዚያች ደቂቃ ሲያስፈልጋት ራሷ ገጣጠመችው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ደረቴን ነፍቼ ሰሌዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ ያን ቀን የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ተማሪዎቼን እንግሊዝኛ አፋቸውን ይይዛቸዋል ሲባል ስንት ዘመን ሰምቻለሁ። ይኸው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ምክትል ርዕሰ መምህሩን በእንግሊዝኛ አዘዘቻቸው።

እሳቸውም ተቀመጡ፤ «የስ» አሉ።