ያልተቀመጥኩበት በርጩማ

በቴፒ የቡና ቅምሻ ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ዕለት አለቃዬ አቶ ወልዴ ከትምህርት ማስረጃዬ አስቀድመው እግሬን አዩ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በሕፃንነቴ ልምሻ መትቶኝ እንደቀጠነ ነገርኳቸው።

«ምላስህን አልነካውማ?»

«አልነካውም።»

«እንግዲያው ማንኪያ አንሳ።»

በዚያ ክፍል ስለ እግሬ በግልጽ የተነጋገርኩት ያን ዕለት ብቻ ነበር።

ሥራውን ለማያውቁ ልግለጽ። የመጣው ናሙና ተቆልቶና ተፈጭቶ በጠረጴዛ ዙሪያ በተደረደሩ ሲኒዎች ይቀርባል፤ የፈላ ውሃም ይፈስበታል። ቀማሹ ከሲኒ ወደ ሲኒ እየተዘዋወረ በማንኪያ ይጨልፋል፤ በኃይል ወደ አፉ ስቦ መዓዛውን፣ ኮምጣጣነቱንና ውፍረቱን ከለየ በኋላ ይተፋል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በቁም ነው። በእኛ ዘመን ተቀምጦ የሚቀምስ ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠር ነበር። እኔ ግራ እጄን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እያስደገፍኩ እዞር ነበር፤ ባልደረቦቼ ልማዴ ይመስላቸው ነበር።

ናሙና የምትቆላው ወይዘሮ አበበች ግን አልተታለለችም። አንድ ጠዋት አናጢ ዘንድ ያሠራችውን ረጅም በርጩማ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ በየመሐሉ አረፍ ይበሉበት» አለችኝ።

ሁሉም ይሰሙ ነበርና አፈርኩ። ቀማሽ ተቀምጦ እንደማይቀምስ፣ በርጩማውንም የትሪዋ ማስቀመጫ እንድታደርገው ነገርኳት። እንዳልኳት አደረገች። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት የናሙናው ትሪ በርጩማው ላይ አርፎ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ሠራን።

ዕድሜዬ ሃምሳን ሲሻገር ደህና የምለው እግሬ ይከዳኝ ጀመር። ከጠዋቱ ቅምሻ በኋላ ጭኔ ይዝላል፤ በዝናቡ ወራት ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይገባል። ስንፍና ነው ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ጡንቻዬን ላጠነክር በማለት ባጃጅ ትቼ ወደ ቤቴ የሚወስደውን ዳገት በእግሬ መውጣት ያዝኩ። ባሰብኝ። በክፍሉ እርጥብ የሲሚንቶ ወለል ላይ ደጋግሜ ወደቅሁ።

በመጨረሻ የጡረታ ጊዜዬ ሳይደርስ መልቀቂያ ጠየቅሁ። በአቶ ወልዴ እግር የተተካው ኃላፊ በሩን ዘግቶ አስቀመጠኝና ምላሴ ገና ብዙ እንደሚሠራ፣ ችግሩ እግሬ ከሆነ መላ እንደማይጠፋለት ነገረኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩት። አክባሪ ሰው ስለነበር አላስጨነቀኝም።

ሚዛን ተፈሪ ከተማ፣ ልጄ ዘንድ ከገባሁ በኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መረመረችኝ።

«አባቴ፣ በሽታው ዳግም አልያዘዎትም» አለችኝ። «ከልምሻው የተረፉት ነርቮች የሞቱትን ሸክም ጨምረው ተሸክመው ኖሩ፤ አሁን ደከማቸው። ዳገቱን ይተዉ። ሳይደክምዎ በፊት ይረፉ።»

ክራንች ሰጠችኝ፤ የእግር ድጋፍም አሠራችልኝ። በልምሻ የተጎዱ ሰዎች የሚሰባሰቡበትን ቤትም ጠቆመችኝ። ብዙ ጊዜ ካመነታሁ በኋላ ሄድኩ። በሩ አጠገብ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እዚህ ቤት ቆሞ ሰላምታ ክልክል ነው» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ተቀመጥኩ። በየተራ ስለ ድካማቸውና ስለ መውደቃቸው አወሩ፤ የገዛ ሕመሜን ታሪክ ከሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባለፈው የለቀማ ወቅት ወይዘሮ አበበች ደውላ ወደ ቴፒ ጋበዘችኝ። ቅምሻ ክፍሉ ስደርስ ትሪውን አንስታ በርጩማውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ተቀመጥኩ። ከፍታው ለጠረጴዛው ልክ ነበር። ቀመስኩ፤ አንዱን ሲኒ ንጹሕ ነው አልኩ። ከወጣቶቹ ቀማሾች አንዱ ሲኒውን መልሶ ወደ እኔ ገፋው። ደግሜ ስቀምሰው ከመጠን ያለፈ የመቡካት ጣዕም አገኘሁበት፤ ድሮ ሳልቀምስ በጠረኑ ብቻ የምለየው ነገር ነበር።

«ይለመዳል፣ ጋሼ» አለችኝ አበበች።

በልምምድ የኖረ ምላስ ልምምድ ሲያጣ ይደነዝዛል፤ በእኔ ዕድሜ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ልምሻ ያልነካውን ምላሴን ከሥራ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

መቀመጫ የሚያስፈልገው ሠራተኛ መቀመጫ ይጠይቅ። ሲያመጡለትም ይቀመጥ።