ካምሻፍት ይዤ ሻርጃ

ከደሴ የወጣሁ ሌሊት፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን በሸኚ ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ዱዓ ሲያደርግልኝ እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ማንም አንስቶ ክብደቱን እንዳያውቅብኝ።

ውስጡ በባሌ ጋቢ የተጠቀለለ የታክሲያችን የድሮ ካምሻፍት አለ። ካምሻፍት የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሙሄን አላገባም ማለት ነው። ሙሄ እሱን አውጥቶ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ያስቀረጸውን ገጠመበት፤ ቫልቮቹ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲከፈቱ። ሞላቸውንም በጠንካራ ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ይነጫነጫል፣ ሲጮህ ብቻ ነፍስ ይዘራል። ሐርቡ መንገድ ሜዳው ላይ ከመሰሎቹ ጋር ይሽቀዳደምበት ነበር። አገሩ ሁሉ መኪናው ይገድለዋል ሲል፣ ጉበቱ አልጋው ላይ ገደለው።

የሐዘን ወራቴን፣ ዒዳዬን፣ ሳልጨርስ ወንድሙ ይማም ሞተሩን ወደ ጥንቱ መልሶ ታክሲ ሊሠራበት ተነሳ። አማቴን የሚጦር እሱ ነውና እውነት አለው። እኔ ግን ያንን ድምፅ ዳግም ላልሰማው ነው። እንዳይገጥመው የድሮውን ካምሻፍት ሰረቅሁ።

ሻርጃ ስደርስ ፈታሹ ጋቢውን ገልጦ «ሹ ሃዛ?» አለኝ፣ ምንድነው ይሄ። የቁርአን ቤት ዐረብኛዬ ውስጥ ካምሻፍት የለም። «ዘውጂ» አልኩት፣ ባሌ። ብረቱን አየ፣ እኔን አየ። «አላህ ይርሐሙ»፣ ነፍሱን ይማር፣ ብሎ አሳለፈኝ።

የሐርቡን ሙቀት ስሳደብ ኖሬአለሁ፤ አፉ በለኝ ሐርቡ። እዚህ ጥላውም ያቃጥላል። አከራዬ ብረቱን አልጋዬ ሥር አግኝታ መሣሪያ መስሏት ጮኸች። የበርበሬ ዘነዘና ነው ብላት፣ በቤቴ በርበሬ አይወቀጥም ብላ ደነገገች።

ባለፈው ጁምዓ ይማም ደወለ። ሌላ ካምሻፍት ፈልጎ ለዚያ ዕድሜ ሞተር አላገኘም። ሐረጎ ዳገት ላይ ሲያዘግም ይጠፋበታል፣ ሲያስጮኸው ተሳፋሪው ሞቴ ደረሰ ብሎ ሸሃዳ ይይዛል።

«እትዬ፣ ብረቱን መልሺልኝ።»

«መጀመሪያ አሰማኝ።»

ስልኩን ሞተሩ ላይ ይዞ ነዳጅ ሰጠው። ጮኸ፣ ከፍ አለ፣ ያበቃል ስል ደግሞ ከፍ አለ። ሙሄ ኮምቦልቻ ቆሞ የሚስቅ መሰለኝ። ሲያበቃ በሰው እልክልሃለሁ አልኩት።

ይማም ግን «አትላኪው» አለኝ። «አንቺው ይዘሽው ነይ። እስከዚያ ዳገቱን ትቼ ሜዳውን፣ ሐርቡን እሠራለሁ።»

የዚህ አገር የባሕር አየር ብረት ይበላል፤ በየጁምዓው ዘይት እቀባዋለሁ። አከራዬ አይታኝ፣ ዘነዘና ደግሞ ዘይት ይቀባል ወይ ብላ ጠየቀች።

በእኛ አገር ይቀባል አልኳት።