በዘንቢል የተወሰደ ቁርባን

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ወጣት ማይክ ይዛ ወጣችና፣ በካቶሊክ ቁምስናችን በፈቃደኝነት ማገልገል የምንፈልግ እጃችንን እንድናወጣ ጠየቀች። ለመዘምራን ሲባል እጅ በዛ። ለንባብ፣ ለሕፃናት ትምህርት፣ መሠዊያውን ለማስጌጥም ሰው አልጠፋም። «ሕሙማን ጎብኚዎች» ስትል ግን ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። ከጎኔ የተቀመጠችው የጎረቤቴ ልጅ ዘንበል ብላ «እማማ ለተ፣ እርስዎ ድሮ በየትኛው ነበሩ?» አለችኝ። በዚህኛው፣ አልኳት። ልጨምርላት ፈልጌ ነበር፤ ማርታ ትዝ አለችኝና ተውኩት።

እውነቱን ለመናገር መርጬ አልገባሁበትም። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አባቴ ከአዲግራት በኩል ተመድቦ የመጣ መምህር ስለነበር አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ዳገቱ ላይ ነበር የምንኖረው። ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው፤ ከመዘምራን ልግባ ብዬ ሄድኩ። የመዘምራኑ መሪ አንድ መዝሙር አስጀመረኝና ብዙ ሳልሄድ በእጁ አስቆመኝ። «እግዚአብሔር ሌላ ጸጋ ሳይሰጥሽ አይቀርም፤ እስቲ ፈልጊው» አለኝ። ከኋላ ሳቋን መያዝ ያቃታት ማርታ ነበረች። ልምምዱ ሲያልቅ ይቅርታ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ አፏን ስትከፍት እንደገና ሳቀችብኝ። ጓደኝነታችን የተጀመረው በዚህ ነው።

የመዘምራኑ ድምፅ ማለት እሷ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከጨንቻ ደጋ የወረዱ ጋሞዎች ናቸው። ቀጭን ነበረች፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሚቀመጥ ይገርመኝ ነበር። እሷ ስትጀምር ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፉት ሽማግሌዎች እንኳ ቀና ይሉ ነበር። ሙዝ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሾፌር አግብታ ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሏት ኖረች። ከዚያ ባሏ ከስቶ ከስቶ ሞተ። ወባ ነው ተባለ። አርባ ምንጭ ላይ ያን ጊዜ ሰው ሲሞት ወባ ነው ማለት ቀላል ነበር፤ ማንም ተጨማሪ አይጠይቅም።

እኔ የተመደብኩበት የሕሙማን ጎብኚዎች ማኅበር የራሱ ወግ ነበረው። መሪያችን እትዬ ብርነሽ የአንድ የመንግሥት ሹም ባለቤት፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ነበረች። የቁምስናው ካህን አባ ፈቅደውላት ለሕሙማን ቅዱስ ቁርባን የምታደርሰውም እሷ ነበረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ነጭ ነጠላ ለብሰን፣ እሷ መስቀልና ሻማ ይዛ ከፊት፣ እኛ ሁለት ሁለት ሆነን ከኋላ፣ እየዘመርን ወደ በሽተኛው ቤት እንሄዳለን። ማማሩንስ ያምር ነበር። ችግሩ ጉብኝት ይገባዋል የሚባለው ሐኪም ቤት ተስፋ የቆረጠበት ሰው መሆኑ ነበር። ስለዚህ እኛ የገባንበት ቤት ብዙም ሳይቆይ ድንኳን ይተከልበታል። ሰፈርተኛው ይህን ልብ ብሎ ኖሯል።

አንድ ጊዜ ከልማዳችን ወጥተን፣ ከጣራ ወድቆ እግሩ የተሰበረ አናጢ ልንጠይቅ ታች ከተማ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ሄድን። ጸሎቱን ሳንጨርስ ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ደረሱ። አንዷ ከበር ጀምራ «ወንድሜን!» እያለች ገባች። አናጢው ከአልጋው ላይ «ኧረ አለሁ! እግሬን ነው!» እያለ ጮኸ። ከዳነ በኋላ እኛን ሲያይ በሌላ መንገድ ይዞር ነበር። ስቀን አልጠገብንም፤ እትዬ ብርነሽ ብቻ አልሳቀችም።

ማርታ ከመስቀል በዓል ወዲህ ከልምምድ ቀረች። ጉንፋን ነው አለች፤ ቀጥሎ ሳንባ ነው አለች። ልጠይቃት ስሄድ ያገኘኋት እናቷ ቤት፣ ወደ ኩልፎ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። እናቷ እትዬ ዘነበች በደጃፏ ላይ ኩርኩፋ ትሸጥ ነበር። የበቆሎው ዱቄት እየተድቦለቦለ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ይቀቀላል፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ደንበኞቿ የሙዝ እርሻ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ቀትር ላይ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመጣሉ፣ ግንድ ላይ ተደርድረው ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። የቤቱ ኑሮ በዚያ ድስት ላይ ነበር።

ማርታ ከጓዳ፣ ከአንዲት ስስ የጭቃ ግድግዳ ወዲያ ተኝታለች። ያቺ ልጅ አልነበረችም። ልክ እንደ ባሏ ከስታለች። በሽታውን እሷም አልጠራችው፣ እኔም አልጠራሁት። ኤድስ የሚለው ቃል ያን ጊዜ በሬዲዮ ይነገራል እንጂ ሰው ቤት አይገባም ነበር።

«ለተ» አለችኝ፣ «መቁረብ እፈልጋለሁ። ክሊኒክ ሳለሁ አባ አናዘውኛል። ቁርባኑ ብቻ ቀረኝ።»

«ታዲያ እሑድ እንመጣለን» አልኩ።

ክንዴን ያዘችኝ። «እንዳትመጡ! በነጠላችሁ እዚህ በር ብትገቡ ማርታ አለቀላት ይባላል። ባሏ በምን ሞተ ይባላል። ከዚያ ከእናቴ እጅ ማን ይበላል? ሌላ ምንም የላትም እኮ።»

አባ ራሳቸው እንዳይመጡ ፈረንጅ ናቸው፤ እዚያ ሰፈር እግራቸው ከረገጠ ሕፃን ሁሉ ይከተላቸዋል። የቀረችው እትዬ ብርነሽ ነበረች። ነገሩን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «የክርስቶስን ሥጋ በዘንቢል ሸሽጌ እንደ ኮንትሮባንድ? እኔ አላደርገውም!» አለች። ሁለታችንም አባ ፊት ቀረብን። አባ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው «ብርነሽ፣ እሱ ራሱ በግርግም ተኝቷል። በዘንቢል አይከፋውም» አሏት። እሷም «ሐሙስ ቀትር ላይ» ብላኝ ወጣች።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሄድን። እትዬ ብርነሽ የቤት ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷን በሻሽ አስራ፣ የቁርባኑን መያዣ ግን ዘንቢል ውስጥ ማድረግ አልሆንላት ብሎ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከታለች፤ ሻማውና ነጩ ጨርቅ በዘንቢሉ ከማንጎ ሥር ናቸው። ገበያተኛ ለመምሰል ግንዱ ላይ ከሠራተኞቹ መሀል ተቀመጠች። እትዬ ዘነበች ኩርኩፋ አቀረበችልን። ያች ኩሩ ሴት በጣቷ እየቆነጠረች በላች፤ ጣፋጭ ነው ብላም አመሰገነች። ከዚያ ውኃ የምንጠጣ መስለን ወደ ጓዳ ገባን።

ማርታ ፀጉሯን በእናቷ እጅ አስበጥራ ትጠብቀን ነበር። ሻማ ለኮስን። እትዬ ብርነሽ ጸሎቱን በሹክሹክታ አደረሰች። ማርታ ቆረበች። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና «አንድ መዝሙር ብቻ» አለች። «እኔ መጀመር አልችልም። ጀምሩልኝ።»

እትዬ ብርነሽ ወደ ግድግዳው አየች። ከውጭ የሠራተኞቹ ሳቅና ጨዋታ ይሰማ ነበር። እንደ ምንም ብለን በትንፋሽ ጀመርን። ወዲያው የውጭው ጨዋታ ጸጥ አለ። አንድም ሰው አያወራም፤ የሳህን ድምፅ እንኳ የለም። ሰሙን ብዬ ደነገጥኩ። ማርታም ደነገጠች፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «በቃ፣ በቃ» አለች። የቀረውን ያለ ድምፅ፣ ከንፈራችንን ብቻ እያንቀሳቀስን ጨረስነው። እሷም ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅስ ነበር። ያን ያህል ዘመን ስትዘምር ሰምቻት፣ የመጨረሻውን ያየሁት በዓይኔ ነው።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ሞተች። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ከኩልፎ ወዲያ ያለው ጫካ በጉም ተሸፍኗል። አሁን የሚደበቅ ነገር ስላልነበረ ማኅበሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየዘመረ ሸኛት። ሠራተኞቹም ሥራ ጥለው መጡ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው አንጁሎ የሚባል፣ ከቦንኬ ደጋ ለሥራ የወረደ ጎልማሳ ነበር። በእትዬ ዘነበች ደጃፍ ሁልጊዜ አየው ነበር።

ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ፣ ሴትና ወንድ በሚያቀላቅል አማርኛው «እኛ እኮ እናውቃለን» አለኝ።

«ምኑን?»

«የማርታን። ባሏ ሲሞት ጀምሮ እናውቃለን። ማርታ ሲያስል ይሰማል እኮ፣ ግድግዳው ስስ ነው። ከላይኛው እርሻ ድረስ የምንመጣው ለምን ይመስልሻል? እዚያም ኩርኩፋ አለ። የእናትየው ድስት እንዳይተርፍ ብለን ነው።»

«ለምን አልነገራችኋቸውም?»

«እንዳያፍሩ ነዋ። ደብቀውናል፤ ሰው የደበቀው ነገር አይነካም።» ቀጥሎም «በዘንቢል የመጣችሁ ቀንም አውቀናል። እትዬ ብርነሽን የማያውቅ ማን አለ?» አለ። ፈገግ ያለ መስሎኝ ነበር፤ አላለም። «ያን ቀን ትንሽ መዝሙር ጀመራችሁ። ማርታም ይዘምራል ብለን ሁላችንም ጨዋታ አቆምን። መብላትም አቆምን። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ዝም አላችሁ። ምነው አልዘመራችሁም?»

የማርታ እናት ከፊታችን ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ከወገቧ ታጠፈች።

ዛሬ መድኃኒቱ አለ። ማርታ የዛሬ ልጅ ብትሆን እየዋጠች ትዘምር ነበር። ፍርሃቷም ከንቱ አልነበረም፤ በዚያው ዘመን የጠላ ጋንዋ ደጅ ላይ የተሰበረባትን፣ አከራይ ከነፍራሿ ያወጣትን ሴት አይቻለሁ። ከተማው እንደፈራችው ነበር። ያ አንድ ደጃፍ ብቻ እንደዚያ አልነበረም። እነዚያ ጭቃ የለበሱ ሰዎች ከግድግዳው ወዲያ ምግባቸውን አቁመው ድምፅዋን ይጠብቁ ነበር፤ እሷ ደግሞ እነሱ እንዳይሰሙ ብላ ድምፅዋን ያዘች። ይህን ሳታውቅ ሞተች። ስንት ነገር ረስቼ ይህን ግን አልረሳሁም።